ጫማው ጠቦኝ አልነበረም

ከኮቪድ በፊት በነበረው ግንቦት ነው። ለንደን፣ ዌስትሚኒስተር አቢ ውስጥ፣ ከየሆስፒታሉ በመጡ ነርሶች መሐል ቆሜ ጫማዬን አወለቅኩ። ሰው እንዳያየኝ ቀስ ብዬ ነው። በአንዱ እግሬ የሌላውን ተረከዝ ገፋ አድርጌ፣ ሁለቱንም ወንበሩ ስር ሸጎጥኩ። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል። አጠገቤ የነበረችው የዋርዴ ልጅ፣ ፊሊፒናዊት ናት፣ አየችኝ። ጎንበስ ብላ "እግርሽን አመመሽ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"አዎ፣ ጫማው ጠቦኝ ነው" አልኳት።

ውሸቴን ነው። ሦስት ዓመት የሄድኩበት፣ እግሬን ከኔ በላይ የሚያውቅ ጫማ ነው። ውሸቱም ትንሽ ነው፤ ማንንም አልጎዳም። ግን አልለቀቀኝም። ናይት ስገባ፣ ሕመምተኛው ሁሉ ተኝቶ የማሽኑ ድምፅ ብቻ ሲቀር፣ ሻይ ይዤ ቁጭ ስል ከች ይላል። ያን ቀን እውነቱን ብነግራት ምን እሆን ነበር? እውነቱስ ምን ነበር? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። እኔ ደግሞ ሕመምተኛ "ምንም አልሆንኩም" ሲለኝ የምናደድ ሰው ነኝ። ስለዚህ ልናዘዝ።

ሁለት ቲኬት

የዋርዳችን ኃላፊ አንድ ቀን ሁለት ቲኬት ይዛ መጣች። በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ የዘመናዊ ነርስነት እናት የምትባለውን የፍሎረንስ ናይቲንጌልን ልደት ተጠግቶ፣ አቢው ውስጥ ለነርሶችና ለአዋላጆች ጸሎት ይደረጋል። ልደቷ በነሱ ሜይ 12 ነው፤ በኛ ግንቦት 4። የዓለም የነርሶች ቀንም የሚውለው በዚሁ ዕለት ነው። "ማን ይሂድ?" ሲባል ሁሉም ሺፍቱን ቆጠረ። እኔ ዕረፍት ነበርኩ፤ ፊሊፒናዊቷም እንደዚሁ። በቃ፣ ለኛ ደረሰ። ተመርጠን እንዳይመስላችሁ።

የግንቦት ልደታ ካለፈች ሳምንት አልሞላትም ነበር። ከሐበሾች ጋር ፓርክ ውስጥ ንፍሮ በልተን፣ ተመራርቀን ገና መለያየታችን ነው። እኛ ምርቃት አንቸገርም። ለአዲስ ቤት እንመርቃለን፣ ለመንገደኛ እንመርቃለን፣ ቡና ላፈላች ልጅ "እጅሽ ይባረክ" እንላለን። ቅዳሴያችንም ለሕሙማን ይጸልያል፣ ለተጓዦች ይጸልያል፣ ለዝናቡና ለወንዙ ሳይቀር ይጸልያል። ለሕሙማኑ ሽንት ለሚደፉት፣ አንሶላቸውን ለሚቀይሩት ተብሎ፣ ነርስ ተብለን በሙያችን ተጠርተን ሲጸለይልን ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ጓጓሁ። የእንግሊዞቹ ቤተ ክርስቲያን ቢሆንም ጓጓሁ።

ሌላም ነገር ነበረ። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከዋናው መሠዊያ ጀርባ፣ በምሥራቁ ጫፍ የእመቤታችን ጸሎት ቤት አለ። እዚያ ካለው መሠዊያ ውስጥ ከመቅደላ የመጣ ታቦት ታሽጎ እንደተቀመጠ አንብቤ ነበር። የመቅደላን ታሪክ ለናንተ አልደግምም። "የመጣ" ማለቴ ግን አፌ ለምዶ ነው። አልመጣም፤ ተወሰደ።

ቲኬቱን የተቀበልኩት ለናይቲንጌል ብዬ ይሁን ለታቦቱ ብዬ፣ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም።

ርክክብ

ቦታ የደረሰን ገጣሚዎቻቸው በተቀበሩበት ክንፍ በኩል ነበር። እግርህን የምታሳርፈው ስም ላይ ነው። ኦርጋኑ ሲጀምር ወንበሩ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ ጡረታ የወጡ ነርስ መሆናቸው ያስታውቃል፤ ሰዓታቸው እጃቸው ላይ ሳይሆን ደረታቸው ላይ ተሰክቷል። ከዚያ አንድ ትልቅ መዝገብ በክብር አለፈ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሞቱ ነርሶችና አዋላጆች ስም ያለበት ነው፤ ከ3,000 በላይ ስም። ለነሱ መታሰቢያ የሚሆን ትንሽ ጸሎት ቤትም ፎቅ ላይ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1950 የተባረከ።

ከዚያ መብራቱ መጣ።

የናይቲንጌል መብራት ይሉታል። አንዲት ነርስ ይዛዋለች፤ ተማሪ ነርሶች አጅበዋታል። አካሄዳቸው ቀስ ያለ ነው፣ ታቦት የሚያጅብ ሰው አካሄድ። ከዚያ መብራቱ ከአንዷ እጅ ወደ ሌላዋ እጅ ተላለፈ። በመጨረሻ ካህኑ ተቀበለና መሠዊያው ላይ አኖረው። ዕውቀት ከነርስ ወደ ነርስ ይተላለፋል ማለት ነው። ፕሮግራሙ ላይ ተጽፏል።

ለኔ ግን ወረቀቱን ሳላነብ ነው የገባኝ። ርክክብ ነው! ጠዋት ጠዋት የምናደርገው። ዓይናችን እየተጨፈነ፣ አልጋው ግርጌ ቆመን፣ "አልጋ አራት፣ ሌሊቱን ትኩሳት ነበረው፣ አሁን ወርዷል፤ አልጋ አምስት አልበላም፤ አልጋ ስድስት..." ስድስት ጋ ስንደርስ ዝም እንላለን፣ አልጋው ባዶ ነው። ሰውን ከእጅ ወደ እጅ ስናቀብል ኦርጋን የሚነፋልን የለም። እዚህ ግን ያንኑ ነገር በዝማሬ እያደረጉት ነው።

መብራቱን የያዘችው ልጅ በአጠገባችን ስታልፍ እጇን አየሁት። የነርስ እጅ ከሩቅ ያስታውቃል። ጥፍሩ እስከ ሥጋው ተቆርጧል። ቀለም የለ፣ ቀለበት የለ። በጣቶቹ መሐል ያለው ቆዳ ከመታጠብ ብዛት፣ ከአልኮሉ ብዛት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ቅባት ብትቀባው አይመለስም፤ እኔም አለኝ። ያ እጅ ነው መብራቱን ይዞ እስከ መሠዊያው የሚሄደው።

እዚህ ላይ ነው ልቤ ድንግጥ ያለው። ሥርዓታችንን ለመንቀፍ አይደለም የምጽፈው፤ መቅደስ የካህናት መሆኑን ከሕፃንነቴ አውቃለሁ፣ ተስማምቶኝም ኖሬያለሁ። ግን ያ የተሰነጣጠቀ እጅ ደረጃውን ሲወጣ፣ ስንት ዓመት ሙሉ የቤተ ክርስቲያን በር አልፋ የማታውቅ ነርስ ድቅን አለችብኝ። ሲስተር።

ከጽዱ ስር

ወሎ ውስጥ ባለች አንዲት ከተማ ነው ሥራ የጀመርኩት። ሲስተር የዋርዱ አንጋፋ ነበረች። መጀመሪያ "እርስዎ" ስላት "ልታስረጂኝ ነው?" ብላ ተቆጣችኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንቺ ነው የምላት። ስሟን የሚጠራው ሰው የለም። ከተማው በሙሉ፣ ባሏም ጭምር፣ ሲስተር ነው የሚላት። እንግሊዞችም የዋርዱን ኃላፊ ሲስተር ይላሉ፤ እዚህ መጥቼ ቃሉን ስሰማ ዘወር የምለው ለዚህ ነው።

"እጇ ቀላል ነው" ይሏታል። ይሄን ምርቃት በሌላ ቋንቋ አላገኘሁትም። ልጅ ታቅፈው የሚመጡ እናቶች በሩ ላይ ቆመው "ሲስተር አለች?" ብለው ይጠይቃሉ። የለችም ከተባለ "እንግዲህ ነገ" ብለው ይመለሳሉ። እኔ እዚያው መርፌ ይዤ ቆሜ! ደም ስር መፈለግ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ማሰሪያ አልነበረንም፣ የጓንት ቁራጭ ነው የምናስረው። "በዓይንሽ አትፈልጊው" ትለኛለች፤ "ዓይን ይዋሻል። በጣትሽ ስሚው።" ዓይኔን አስጨፍና ክንዷን ትሰጠኛለች። ደም ስር እንደ ተነፋ ፊኛ ትንሽ ይገፋሻል፣ ጅማት ግን አይገፋም። ይሄን በየትኛውም መጽሐፍ እንደዚያ አድርጎ ያስረዳኝ የለም።

እሑድ ናይት ስንወጣ አብረን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን። ነጠላዋን ከጋውኗ ላይ ታጣፋለች። ቅጽሩ ውስጥ ትገባና ከጽዱ ስር ትቆማለች። እዚያው ቆማ ታስቀድሳለች። እዚያው ትሰናበታለች። መጀመሪያ ደክሟት መስሎኝ ነበር። ሦስተኛው እሑድ ላይ ጠየቅኳት።

"ለምን አትገቢም?"

"ደም ስነካ አድሬ፣ ሬሳ ገንዤ፣ እንዴት ብዬ ልግባ?"

"ታጥበሻል እኮ።"

"መታጠቡንማ ታጥቤያለሁ" አለች። በቃ፣ አለቀ።

የከለከላት ካህን የለም። ማንም አትግቢ አላላትም። የራሷ ሕግ ነው። ግን ሰው የራሱን ሕግ ከሜዳ አያነሳም። ከልጅነታችን ስለ ደም፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ሬሳ የሰማነው ሁሉ ተጠራቅሞ ነው ያቆማት። እኔን የሚያበግነኝ ምን መሰላችሁ? እሷ ያጠበችው ሰው ሁሉ ውስጥ ነው። ሬት የቀባችለት፣ ቁስሉን የጠረገችለት፣ ያዋለደቻት ሴት ከነልጇ፣ ሁሉም ገብቶ ያስቀድሳል። ያጠበችው እሷ ውጭ ናት።

የዚያ ሌሊት ካህን

ክረምት ነበር። መብራት ሄዷል፤ ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም ተባለ። አንድ ሽማግሌ ካህን በሳንባ ምች ገብተዋል። ሦስት ቀን ምግብ አልቀመሱም። ደም ስራቸው ሁሉ ሸሽቷል። እኔ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሁለቱንም ሳትኩ። ክንዳቸው ላይ ሁለት ቦታ አበጠ። ሦስተኛውን ለመሞከር እጄ አልታዘዝ አለኝና ሲስተርን ጠራሁ።

"ባትሪሽን አብሪ" አለችኝ።

አበራሁ። ብርሃኑ ይንቀጠቀጣል፣ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ። አላየችውም እንኳ። የጓንቱን ቁራጭ አሰረች፣ በሌባ ጣቷ ዳሰሰች፣ ቆይታ ደግሞ ዳሰሰች። ከዚያ አንድ ጊዜ። ደሙ ብቅ አለ። ፕላስተሩን በጥርሷ ቆርጣ አሸገችው። (አዎ፣ በጥርሷ። ኢንፌክሽን ቁጥጥር አንብቦ እንዳይመጣብን።)

ካህኑ ዓይናቸውን ገለጡ። "እጅሽ ቀሊል ነው ልጄ" አሉ። "የት ነው የምታስቀድሺው?"

"እርስዎ ጋ ነው አባቴ።"

"አይቼሽ አላውቅም።"

ዝም አለች። ግሉኮሱ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኛል። "ውጭ ነው የምቆመው" አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። "ሥራዬ ያው እንደሚያዩት ነው።"

ሽማግሌው ምንም አልመለሱም። ምክር አልሰጧትም፣ አልገሠጿትም። መርፌ የገባበትን እጃቸውን ለአፍታ ተመለከቱ። በሌላው እጃቸው ትራሳቸው ስር ገብተው መስቀላቸውን አወጡ። እሷ እንደ ልማዷ ለመሳለም ግንባሯን ዝቅ ስታደርግ "አይ፣ እጅሽን" አሉ። "ጓንቱን አውልቂው።"

ጓንቱን አወለቀች። መስቀሉን በቀኝ መዳፏ ላይ አኖሩት። ቆዩ። ከዚያ በግራዋ ላይ። በግእዝ የሚሉትን አልሰማሁትም፣ ትንፋሽ አጥሯቸዋል። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው "አንቺም ነይ" አሉ። ባትሪውን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ብርሃኑ ጣሪያው ላይ ወጣ፤ እኛ ጨለማ ውስጥ ሆንን። መስቀሉ ትራስ ስር ስለቆየ ይሞቃል። ሁለት ጊዜ የሳተ እጅም ተባረከ እንግዲህ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። በሚቀጥለው እሑድ ሲስተር ትገባለች ብዬ ቀድሜያት ደረጃው ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ወደ ጽዱ ሄደች።

"አባ ባረኩሽ አይደል እንዴ?" አልኳት ተናድጄ።

"እጄን ነው የባረኩት" አለች፤ ፈገግ ብላ። "እግሬን አይደለም።"

ለምን እንዳወለቅኩ፣ ለምን እንደዋሸሁ

አሁን ወደ አቢው ልመለስ። መብራቱ መሠዊያው ላይ ተቀመጠ። ሁላችንም ተነሥተን ቆምን። ካህናቱ ስለ እጃችንና ስለ ልባችን ይጸልያሉ። እኔ ግን ዓይኔ ከመብራቱ አልፎ ሄደ። ከመሠዊያው ጀርባ ታቦት አለ። አይታይም፤ ደግሞም አይታይ፣ ለመታየት አይደለም የተሠራው። ግን አለ። እኔ ደግሞ ጫማ አድርጌ ቆሜያለሁ።

ያኔ ነው እግሬ ራሱ ጫማውን መግፋት የጀመረው። አስቤበት አይደለም። ሐሳቡ የመጣው በኋላ ነው፣ ድንጋዩ ሲቀዘቅዘኝ። ሲስተር ለማስቀደስ ውጭ ቆመች፣ ታቦቱ ውስጥ ሆኖ ማንም የማያስቀድስበት ሆነ፣ እኔ መሐል ላይ ነኝ። እጄን እየመረቁልኝ ነው። እግሬንስ? ጴጥሮስ በጸሎተ ሐሙስ "እግሬን ብቻ ሳይሆን እጄንም ራሴንም" ነው ያለው። የኛ ሲስተር ተቃራኒውን አለች። በየዓመቱ ካህናቱ በወይራና በወይን ቅጠል እግር ሲያጥቡ እሷን ዲዩቲ ላይ ነው የማውቃት።

ታዲያ ይሄን ሁሉ በሹክሹክታ እንዴት ላስረዳ? አንደኛ፣ ታቦት ምን እንደሆነ መንገር ሊኖርብኝ ነው። ከዚያ እዚህ እንዴት እንደደረሰ። ዘማሪዎቹ እየዘመሩ፣ ከጎኔ ያሉት ሰዎች ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ እኔ ስለ ዘረፋ ላወራ ነው። አክብሮ የጠራህ ሰው ቤት ገብተህ "ያ ዕቃ የኛ ነው" ማለት ይከብዳል። በተለይ ምርቃቱን ስትፈልገው። እውነቱ ይሄ ነው፣ ምርቃቱን ፈልጌው ነበር። ስለ ታቦቱ ከተናገርኩ ምርቃቱን መመለስ ያለብኝ መሰለኝ። ስለዚህ ጫማውን ወነጀልኩ።

አሁን ሳስበው ሁለቱ አይጣሉም ነበር። የመረቁኝ ሰዎች ከልባቸው ነው። ታቦቱም እስር ቤት ነው። ሁለቱም አንድ ጣሪያ ስር፣ በአንድ ቀን እውነት ናቸው።

ፋኖስ

በማግሥቱ ከፊሊፒናዊቷ ጋር በድልድዩ ተሻግረን ሴንት ቶማስ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያለውን የናይቲንጌል ሙዚየም አየን። ሥዕሎች ላይ ናይቲንጌል የምትይዘው መብራት እንደ አላዲን ኩራዝ አፉ የሾለ ነው። ውሸት ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 38 ሴቶች ይዛ ለክራይሚያ ጦርነት ቁስለኞች ቱርክ፣ እስኩታሪ ስትደርስ፣ ሌሊት ሌሊት በዋርዱ የምትዞርበት የቱርኮች መብራት ነበር። እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ፣ ውስጡ ሻማ የሚበራበት። ስሙን ሳነብ ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ፋኖስ!

"ይሄ ቃል የኛም ነው" አልኳት። እናቴ ጓዳ የተሰቀለው ፋኖስ፣ መስተዋቱን በአመድ የምወለውለው። ለዋሸኋት አንድ እውነት የከፈልኳት መሰለኝ።

ስለ ልዕልት ፀሐይም ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ1936 ከአባቷ ከንጉሡ ጋር ተሰዳ እዚህ ከተማ መጣች። ልዕልት ናትና ሻይ እየጠጣች መቀመጥ ትችል ነበር። እሷ ግን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ ነርስነት ተማረች፤ በ1939 ተመረቀች። ጀርመን ለንደንን በቦምብ ስትደበድብ ጋይስ ሆስፒታል ትሠራ ነበር። አገር ነፃ ሲወጣ ተመልሳ፣ በ1942 ነቀምት ላይ፣ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት ሞተች። 22 ዓመቷ ነበር። ስንት ሕፃን ያቀፈ እጅ የራሱን ልጅ ሳያቅፍ ቀረ። በስሟ አዲስ አበባ የተሠራው ሆስፒታል ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ነው። ልጅቷ ዝም ብላ ሰማችኝና "እስካሁን ለምን አልነገርሽኝም?" አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ምርቃት ኪራይ አይከፍልም

በዓመቱ ኮቪድ መጣ። የናይቲንጌል 200ኛ ልደት የዋለው እኛ በማስክ ታፍነን ነው። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሕዝቡ በየበሩ ወጥቶ ያጨበጭብልን ነበር። አንድ እጅ አያጨበጭብም ይባላል፤ የኛ ሁለቱም እጆች ሥራ ላይ ስለነበሩ እኛ አላጨበጨብንም። ከሁለት ዓመት በኋላ ታኅሣሥ ላይ እነዚያው ነርሶች ለደሞዝ አደባባይ ወጡ። የነርሶቹ ማኅበር ከመቶ ዓመት በላይ በሆነው ዕድሜው እንዲህ ያለ አገር አቀፍ አድማ ሲመታ የመጀመሪያው ነው። ያጨበጨበው ሁሉ ግን አብሮ አልወጣም።

ስለዚህ "ምርቃት የቤት ኪራይ አይከፍልም" የሚሉኝን ባልደረቦቼን አልቃወማቸውም። እውነት ነው፣ አይከፍልም። ጓንት በሌለበት ዋርድ የሚያድር ነርስ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጓንት ነው። ግን ያ የሞቀ መስቀል መዳፌ ላይ ያረፈበት ቦታ አሁንም ይታወቀኛል። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ሲባል፣ መድኃኒቱ ራሱ ሲታመም ምን እንደሚደረግለት አይነግሩንም። ሽማግሌው ያን ሌሊት ያወቁት ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ አቢው ታቦቱን ለመመለስ በመርህ ደረጃ ተስማምቻለሁ አለ። ዜናውን ያነበብኩት አውቶቡስ ውስጥ ነው። ወዲያው ለልጅቷ ጻፍኩላት፤ ሌላ ሆስፒታል ከተዛወረች ቆይታለች። "ያን ቀን ጫማው ጠቦኝ አልነበረም" አልኳት። ከዚያ ሁሉንም፣ ስለ ታቦቱ፣ ስለ ሲስተር፣ ረጅም አድርጌ።

መልሷ አጭር ነበር። "አውቅ ነበር። ጫማ የጠበበው ሰው ካልሲውን አያወልቅም።"

ጳጉሜን 3

ዓምና አገር ቤት ገባሁ። የሩፋኤል ዕለት ሲስተር ጋ ደረስኩ። ጡረታ ወጥታለች፤ ዓይኗ ሞራ ጀምሮታል። ማለዳ ተነሥተን ሄድን። ቅጽሩ በሰው ተጨናንቋል። የዕለቱ ዝናብ ጸበል ነውና ልጆች ገና ደመናውን አይተው ልብሳቸውን እየጣሉ ነው። በመንገዳችን ላይ ሁሉ "ሲስተር፣ እንደምን አደርሽ" እየተባለች፣ በልማዷ ከጽዱ ስር ሄዳ ቆመች። አሁን ደም አትነካም፤ ሬሳ ከገነዘች ዓመታት አልፈዋል። አልጠየቅኳትም። ጫማዬን አውልቄ አጠገቧ ቆምኩ። ጭቃው በጣቶቼ መሐል ገባ።

ዝናቡ ጀመረ። ሲስተር ነጠላዋን ወደ ኋላ መለስ አድርጋ ሁለት መዳፏን ዘረጋች።

"ሲስተር፣ ጥሩ ጊዜ አገኘሁሽ!" የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ። አንዲት ወጣት እናት ናት፤ የአራት ዓመት ግድም ልጅ ታቅፋለች። ልጅቷ ሦስት ቀን አልዋጥ ብሏታል። አማቷ እንጥሏ ይቆረጥ ብለዋል፤ የሚቆርጡ ሰውዬ ደግሞ ዛሬ እዚሁ ንግሥ ላይ አሉ።

"ወዲህ አምጫት" አለች ሲስተር። "እንጥሏን የሚነካት ሰው እንዳላይ።" እርጥብ መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች። የልጅቷን አገጭ በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ ያዘች። ውስጥ እግዚኦታ እየተባለ ነው። "አፍሽን ክፈቺልኝ የኔ እናት። ሰፋ አድርገሽ።" አጎንብሳ አየች፣ ጠጋ ብላ ደግሞ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ወዘወዘች።

"ባትሪሽን አብሪ።"

ስልኬን ከነጠላዬ ስር አወጣሁና አበራሁላት።